የእጥፋቱ ምክንያት፤ የሚቶኮንድሪያና የክሎሮፕላስት አሠራር ከተግባራቸው ጋር ያለው ዝምድና በታሪክና በእንጅባራ አካባቢ የሳይንስ ትምህርት

መግቢያ

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ የሚማር ተማሪ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ተማሪ ሁሉ፣ ስለ ሕዋስ በሚማርበት ጊዜ ሁለት ሥዕሎችን በደብተሩ ላይ ይገለብጣል። አንደኛው እንደ ባቄላ ፍሬ ሞላላ ሆኖ ውስጡ የተጣጠፈ የሚቶኮንድሪያ ሥዕል ነው። ሁለተኛው በውስጡ እንደ ተደራረበ ሳንቲም ያሉ ነገሮች የሚታዩበት የክሎሮፕላስት ሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ ቀጥሎ ስሞች ይጻፋሉ፤ ውጨኛ ሽፋን፣ ውስጠኛ ሽፋን፣ ክሪስታ፣ ማትሪክስ፣ ታይላኮይድ፣ ግራና፣ ስትሮማ። በፈተና ላይ «ውስጠኛው ሽፋን ስለምን ታጠፈ?» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው «የገጽ ስፋትን ለመጨመር» ብሎ ይመልሳል፤ ነጥቡንም ያገኛል።

መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ መልስ አይደለም። የገጽ ስፋት መጨመር ስለምን እንደሚጠቅም፣ ሽፋኑስ በአንድ ቦታ ቢቀደድ ምን እንደሚከተል ተማሪው አይጠየቅም። የሳይንስ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች በየተራ ተሰጥተዋል። የመጀመሪያው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተገኙ ናቸው። በክፍል ውስጥ ጸንቶ የቀረው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱም መልሶች የተገኙበትን መንገድ መግለጽና፣ በአዊ አካባቢ በዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚታዩ ነገሮች ጋር በማገናኘት ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጡትን ጥቅም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ሁለቱ አካላት ከመታወቃቸው እስከ ስያሜያቸው

የክሎሮፕላስት ታሪክ የሚጀምረው ከቅጠል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1771 በሻማ ጢስ የተበላሸ አየር የናና ቅርንጫፍ ሲገባበት እንደገና ሻማ ለማንደድ የሚያስችል መሆኑን አየ። ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ ደግሞ በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አየሩን የሚያድሰው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል ብቻ እንደ ሆነና ይህንንም የሚያደርገው በብርሃን ጊዜ መሆኑን ገለጠ። አረንጓዴነቱ በሕዋሱ ውስጥ እንደ ቀለም ተበጥብጦ የተዳረሰ ሳይሆን በጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ የተከማቸ መሆኑን ጀርመናዊው ሁጎ ፎን ሞል በ1837 ጻፈ። ዩልዩስ ዛክስ በ1860ዎቹ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው በእነዚሁ እንክብሎች ውስጥ ስታርች እንደሚጠራቀም አሳየ።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህር የሚጠቅመው የቴዎዶር ኤንገልማን ሙከራ ነው። ኤንገልማን በ1882 ክር መሰል አልጌ ወስዶ ኦክሲጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች በሚገኙበት ውሃ ውስጥ አኖረ፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን አሳረፈበት። ባክቴሪያዎቹ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ባረፈባቸው የአልጌው ክፍሎች ዙሪያ ተሰበሰቡ። ከዚህም ኦክሲጅን የሚወጣው ብርሃን ካገኘው የክሎሮፕላስት ክፍል መሆኑ ታወቀ። አንድን ተግባር ከአንድ አካል ጋር የማገናኘት ሥራ እንዲህ ባለ ቀላል ዘዴ መፈጸሙ ሊታወስ ይገባዋል።

የሚቶኮንድሪያ ታሪክ የዚህን ያህል ቀና አልነበረም። ቀለም ስለሌላቸውና እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ለረጅም ጊዜ ምን እንደ ሆኑ አልታወቀም። አልበርት ፎን ኮሊከር በ1857 በጡንቻ ውስጥ ረድፍ የያዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ማየቱን ገለጸ። ሪቻርድ አልትማን በ1890 እነዚህ ፍሬዎች በሕዋስ ውስጥ እንደ ራሳቸው ሕይወት የሚኖሩ ቀዳሚ ሕያዋን ናቸው የሚል አሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ካርል ቤንዳ በ1898 «ሚቶኮንድሪያ» የሚለውን ስም ሰጣቸው፤ ስሙም ክርና ፍሬ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ኦቶ ዋርቡርግ በ1913 ኦክሲጅን የመጠቀሙ ሥራ ከሕዋስ ፍሬዎች ጋር የተያያዘ መሆኑን በጉበት ላይ ባደረገው ምርምር አመለከተ። ዴቪድ ኬይሊን ደግሞ በ1925 ሳይቶክሮም የተባሉትን ኤሌክትሮን አሸጋጋሪ ቀለሞች አገኘ፤ ፍለጋውንም የጀመረው በፈረስ ሆድ ውስጥ ከሚያድግ የዝንብ ዘር ነበር። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርባት በእንጅባራ ይህ ታሪክ ለተማሪ ቅርብ ሆኖ ሊነገር ይችላል።

፪. የመጀመሪያው መልስ፤ እጥፋቱ የሥራ ቦታ ነው

ሚቶኮንድሪያ ምን እንደሚሠሩ በእርግጥ ለማወቅ ሁለት ዘዴዎች አስፈልገዋል። አንደኛው ሕዋስን ፈጭቶ ክፍሎቹን በሚሽከረከር መሣሪያ፣ በሴንትሪፊዩጅ፣ እንደ ክብደታቸው መለየት ነበር። አልበርት ክሎድ በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም ይህን ዘዴ አሳደገው። በ1948 ሆግቡም፣ ሽናይደርና ፓላዴ በስኳር ውሃ ውስጥ ቢፈጩ ሚቶኮንድሪያ ሳይበላሹ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳዩ። ወዲያውም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን ኬነዲና አልበርት ሌኒንገር፣ ሃንስ ክሬብስ በ1937 ያገኘው የአሲዶች ዑደትና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የኤቲፒ ምርት የሚካሄደው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። ኤቲፒ ሕዋስ ኀይልን የሚቀባበልበት ሞለኪውል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺህኛ ያነሰ ርቀት ያላቸውን ነገሮች ለያይቶ ማየት አይቻልም። የሚቶኮንድሪያ ሽፋን ውፍረት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ በ1931 በጀርመን የተጀመረው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪሻሻል ድረስ የውስጡ አሠራር ሊታይ አልቻለም። ጆርጅ ፓላዴ በ1952፣ ፍሪትዮፍ ሾስትራንድ በ1953 ለየብቻቸው ውስጡን አሳዩ። ሁለቱ ሊቃውንት ግን በአንድ ነገር አልተስማሙም። ፓላዴ እጥፋቶቹን የውስጠኛው ሽፋን ዕጥፎች ናቸው ሲል ክሪስታ ብሎ ሰየማቸው፤ ሾስትራንድ ግን ለየብቻ የቆሙ ግድግዳዎች አድርጎ አያቸው። ሥዕሉ እስከዚህ ድረስ የክርክር ጉዳይ ነበር።

በክሎሮፕላስትም በኩል እንዲሁ ሆነ። ሮበርት ሂል በ1937 ከቅጠል የተለየ ክሎሮፕላስት በብርሃን ኦክሲጅን ማውጣት እንደሚችል አሳየ። ዳንኤል አርነንና ባልደረቦቹ በ1954 ከስፒናች ቅጠል የተለየ ክሎሮፕላስት ለብቻው የብርሃን አስተፃምሮን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊፈጽም እንደሚችል ገለጹ። ሜልቪን ካልቪን፣ አንድሩ ቤንሰንና ባልደረቦቻቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚለወጥበትን ዑደት ፈለጉ፤ ካልቪንም በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ብርሃን የሚያዘው በታይላኮይድ ሽፋን ላይ፣ ስኳር የሚሠራው በዙሪያው ባለው ፈሳሽ፣ በስትሮማ ውስጥ መሆኑ ተለየ።

ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መልስ ተገኘ። ሐመልሚልም ሆነ ሳይቶክሮም በሽፋን ላይ ተተክለው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ሽፋኑ በበዛ መጠን ሠራተኞቹ ይበዛሉ። ሳይቋረጥ የሚመታው የልብ ጡንቻ ሚቶኮንድሪያ እጥፋታቸው የበዛና የተቀራረበ መሆኑ ይህን ይደግፋል። መልሱ እውነት ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍትም የወሰዱት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር ሳይገለጥ ቀርቶ ነበር። ሽፋኑ የሠራተኞች መቀመጫ ብቻ ከሆነ፣ ቢቀደድም ሠራተኞቹ ሥራቸውን መቀጠል በቻሉ ነበር። የተፈጸመው ግን ሌላ ነው፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ኦክሲጅን መጠቀሙ ይቀጥላል፣ ኤቲፒ ግን አይመረትም።

፫. ሁለተኛው መልስ፤ እጥፋቱ ግድብ ነው

ከምግብ የሚገኘው ኀይል ወደ ኤቲፒ የሚሸጋገርበትን አንድ ልዩ ኬሚካል ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ፈልገው አላገኙም። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል በ1961 እንዲህ ያለ ኬሚካል የለም የሚል አሳብ አቀረበ። በእርሱ አስተያየት፣ ኤሌክትሮኖች በሽፋኑ ላይ ሲተላለፉ ፕሮቶኖች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይገፋሉ፤ በአንድ ወገን የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲወርዱ የሚለቁት ኀይል ኤቲፒን ይሠራል። ይህም የሚሆነው ሽፋኑ የማያፈስና ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ለጎጃም ተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኀይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሲሆን፣ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ተፋሰስ በማውረድ ተርባይን ያሽከረክራል። ኀይሉ የሚገኘው በላይኛውና በታችኛው ቦታ መካከል ካለው የከፍታ ልዩነት ነው። ዋሻው ቢቀደድና ውሃው በሌላ መንገድ ቢፈስስ፣ ውሃው መውረዱ አይቀርም፤ ተርባይኑ ግን አይዞርም። የተቀደደ ሚቶኮንድሪያ ኦክሲጅን እየተጠቀመ ኤቲፒ የማይሠራበት ምክንያት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እርግጥ ምሳሌው ወሰን አለው። የጣናን ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ፀሐይና ዝናም ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ፕሮቶኖችን የሚመልሰው ከምግብ የወጣው ኤሌክትሮን ነው። በክሎሮፕላስት ውስጥ ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚያስጀምረው ብርሃን ነው። መምህሩ ይህን ልዩነት ለተማሪው ቢገልጽ ምሳሌው የበለጠ ይጠቅማል።

የሚቸል አሳብ መጀመሪያ ላይ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃውሞውን ካለዘቡት ነገሮች አንዱ በክሎሮፕላስት ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። አንድሬ ያገንዶርፍና ኧርነስት ዩሪቤ በ1966 ታይላኮይዶችን በጨለማ ውስጥ በኮምጣጣ ፈሳሽ ነክረው፣ ከዚያም በድንገት ኮምጣጤነቱን ወደሚያጠፋ ፈሳሽ አዛወሯቸው። ምንም ብርሃን ሳይኖር ኤቲፒ ተሠራ። ኀይሉን የሰጠው የፕሮቶን ልዩነት ብቻ ነበር። ኤፍሬም ራከርና ቫልተር ስቶከኒዩስ በ1974 በሠሩት ሙከራ፣ አንድ ፕሮቶን የሚገፋ የባክቴሪያ ፕሮቲንና ከልብ ጡንቻ ሚቶኮንድሪያ የተገኘ ኤቲፒ ሠሪ ኤንዛይም በአንድ ሰው ሠራሽ ከረጢት ላይ ተተከሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸውም ኤቲፒ ሠሩ። ሚቸል በ1978 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ኤቲፒ ሠሪው ኤንዛይም እንደ ተርባይን የሚሽከረከር መሆኑን ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ስለ ገለጡ እነርሱም በ1997 የሽልማቱ ተካፋዮች ሆኑ።

በዚህ መልስ ብርሃንነት የሁለቱ አካላት ቅርጽ አዲስ ትርጉም ያገኛል። በታይላኮይድ ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ጠባብ በመሆኑም ጥቂት ፕሮቶኖች እንኳ ኮምጣጤነቱን በእጅጉ ሊለውጡት ይችላሉ። የክሪስታ ውስጥ ቦታም እንዲሁ ጠባብ ነው። ስለዚህ የገጽ ስፋት መብዛትና የውስጥ ቦታ ማነስ ተለያይተው የሚነገሩ ነገሮች አይደሉም።

፬. ሦስተኛው መልስ፤ ቅርጹን የሚሠራው ሠራተኛው ነው

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኤሌክትሮን ቶሞግራፊ ዘዴ ሚቶኮንድሪያን በሦስት አቅጣጫ ለማየት አስቻለ። በዚህም የፓላዴና የሾስትራንድ ክርክር ለሁለቱም በማይመች መልኩ ተፈታ። ክሪስታዎች ከውስጠኛው ሽፋን ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሚያያዙት ግን ሥዕሎቹ እንደሚያሳዩት በሰፊ በር ሳይሆን እንደ ጠባብ አንገት ባለ መግቢያ ነው። ጠባቡ አንገትም በክሪስታው ውስጥ ያለው ሁኔታ ከሌላው ክፍል የተለየ ሆኖ እንዲቆይ ይረዳል ተብሎ ይታሰባል።

ከዚህም በላይ፣ ኤቲፒ ሠሪው ኤንዛይም ጥንድ ጥንድ ሆኖ በክሪስታው ጫፍ ላይ በረድፍ መቀመጡ ታየ። ጥንዶቹ ከጫፋቸው የተከፈቱ በመሆናቸው ሽፋኑን ያጎብጡታል፤ ይህ ጥንድ እንዳይፈጠር በተደረገበት እርሾ ውስጥ የክሪስታው ቅርጽ ይበላሻል። ስለዚህ ቅርጹ ለተግባሩ እንዲስማማ አስቀድሞ የተሰጠ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ፤ ተግባሩን የሚፈጽመው ኤንዛይም ራሱ ቅርጹን ከሚሠሩት አንዱ ነው።

በክሎሮፕላስትም ክፍፍል አለ። ውሃን ሰንጥቆ ኦክሲጅን የሚያወጣው ክፍል በብዛት የሚገኘው በተደራረበው ግራና ውስጥ ነው። ኤቲፒ ሠሪው ኤንዛይም ግን ጉልላቱ ወደ ስትሮማ ስለሚያመለክት በተጣበቀው ድርድር መካከል ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ ለስትሮማ በተገለጠው ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ኤቲፒውም ስኳር በሚሠራበት በስትሮማ ውስጥ ይወጣል።

የአልትማን አሳብም በሌላ መልክ ተመልሷል። ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪ በ1905 ክሎሮፕላስት በሌላ ሕዋስ ውስጥ ከገባ ሕያው ነገር የመጣ ነው አለ። በ1962 በክሎሮፕላስት፣ በ1963 በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የራሳቸው የዘር ሞለኪውል መኖሩ ታወቀ፤ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ማስረጃዎቹን አሰባስባ አቀረበች። የሁለቱም አካላት ሽፋን ድርብ መሆን ከዚህ ጥንታዊ መነሻ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ከአሠራራቸው አንዳንዱ በዛሬው ተግባር፣ አንዳንዱ ደግሞ በመነሻቸው ታሪክ የሚተረጐም ነው።

፭. በአዊ አካባቢ የሚገኙ ማስተማሪያዎች

ከላይ የተገለጸው እውቀት ለእንጅባራ ተማሪ ሩቅ መስሎ የሚታየው በስም ብቻ ሲቀርብ ነው። አፉን በአዊኛ ወይም በአማርኛ የፈታ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ እነዚህን ስሞች በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ስሞቹ ራሳቸው ከግሪክና ከላቲን የመጡ ስለ ሆኑ ለእንግሊዛዊው ልጅም እንግዶች ናቸው። ችግሩ የሚቃለለው ስሙ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ ሲታወቅ ነው። ነገሩ ደግሞ በአካባቢው ሞልቷል።

የመጀመሪያው ዲከረንስ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ይህን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ በአራትና በአምስት ዓመትም ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል። ተማሪ «የዛፉ ግንድ ከምን መጣ?» ቢባል ብዙውን ጊዜ «ከአፈር» ብሎ ይመልሳል። የግንዱ ካርቦን ግን የመጣው በክሎሮፕላስት አማካይነት ከአየር ነው፤ ከአፈር የሚገኙት ማዕድናት በአመዛኙ ከሰሉ ሲነድ አመድ ሆነው የሚቀሩት ናቸው። አንድ ጆንያ ከሰልና ከእርሱ የሚቀረው ጥቂት አመድ በክፍል ውስጥ ቢታዩ፣ ክርክሩ በዐይን ይፈታል።

በቅርብ ዓመታት ዲከረንስን የሚያጠቃ የዋግ በሽታ በአካባቢው ተከስቶ ብዙ ተክል አድርቋል፤ የብዙ ቤተሰብ ገቢም ተነክቷል። ዋጉ ቅጠሉን ሲያጠፋ ክሎሮፕላስቱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ግንዱ ሳይነካ ዛፉ ይራባል። ይህን የተረዳ ተማሪ፣ ቅጠሉ በታመመበት ወቅት ዛፉ ስለምን እንደማይወፍር፣ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መተማመንም ምን አደጋ እንዳለው ለወላጆቹ ለማስረዳት ይችላል።

ሁለተኛው ድንች ነው። ድንች በጨለማ ሲቀመጥ የሚያወጣው ቡቃያ ረጅምና ነጣ ያለ ነው፤ ለዘር የሚሆነው ድንች ብርሃን በሚገባበት ማከማቻ ሲቀመጥ ግን ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ድንቹም አረንጓዴ ይሆናል። በድንቹ ውስጥ ስታርች የሚያከማቹት አካላት ብርሃን ሲያገኙ ወደ ክሎሮፕላስት ይለወጣሉ፤ አንድ ዓይነት አካል እንደ ተግባሩ ቅርጹን ይለውጣል ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በድንቹ ውስጥ መርዛማ ነገር ስለሚበዛ አረንጓዴ ድንች ለምግብ እንደማይሆን አብሮ ሊነገር ይገባል።

ሦስተኛው ጠላ ነው። እርሾ አየር በማያገኝበት በተደፈነ ጋን ውስጥ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውልም የሚያተርፈው ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው። አየር ሲያገኝና ሚቶኮንድሪያው ሲሠራ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያገኛል፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ይህ መጠን ወደ 30 ገደማ ይደርሳል። የቀረው ኀይል የት ገባ ቢባል፣ አረቄ በእሳት ሲነድ ማየት በቂ ነው፤ ኀይሉ በአልኮሉ ውስጥ ቀርቷል። በአፈር ተዳፍኖ የሚከስል እንጨትም አየር ስለሚያንሰው ኀይሉን በከሰሉ ውስጥ ያስቀራል። አየር አጥቶ የሚያድግ እርሾ ሚቶኮንድሪያው በሚገባ ያልዳበረ መሆኑና አየር ሲያገኝ የሚዳብር መሆኑ፣ አሠራር ተግባርን እንደሚከተል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አራተኛው በቆሎ ነው። በዳንግላ አካባቢ በሰፊው የሚዘራው በቆሎ በቅጠሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሎሮፕላስት አለው። ሃች እና ስላክ በ1966 በሸንኮራ አገዳ ላይ በአውስትራሊያ እንደ ገለጹት፣ የእነዚህ ተክሎች ውጨኛ ሕዋሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዙና በሥሩ ዙሪያ ላሉት ሕዋሳት ያቀብላሉ። በበቆሎ ውስጠኛ ሕዋሳት ያሉት ክሎሮፕላስቶች ግራና የላቸውም ማለት ይቻላል። ኦክሲጅን የሚወጣው በብዛት ከግራና ስለ ሆነ፣ ስኳር በሚሠራበት ቦታ ኦክሲጅን እንዳይበዛ ይረዳል፤ ኦክሲጅን ሲበዛ ካርቦን የሚይዘው ኤንዛይም ይሳሳታልና። ጤፍም ካርቦንን በዚህ መንገድ ከሚይዙት ተክሎች ወገን ነው፤ በደጋው የሚዘራው ገብስ ግን አይደለም። ይህ መንገድ በይበልጥ የሚጠቅመው በሙቀት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ከእንጅባራ ደጋ ወደ ዳንግላ ሲወረድ የሚታየውን የሰብል ለውጥ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

፮. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከታሪኩ የሚወሰደው የመጀመሪያው ቁም ነገር የጥያቄ አቀራረብን የሚመለከት ነው። «የክሪስታን ተግባር ጥቀስ» የሚል ጥያቄ የቃል ጥናትን ይለካል። «የሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ቢበሳ ኦክሲጅን መጠቀሙ ይቆማልን? ኤቲፒ መሥራቱስ?» የሚል ጥያቄ ግን ማስተዋልን ይለካል፤ ለማውጣትም ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። ሥዕሉን ከማስገልበጥ ይልቅ፣ የፓላዴንና የሾስትራንድን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አቅርቦ የትኛው ለምን እንደሚሻል ማከራከርም ይቻላል።

ሁለተኛው ስለ መሣሪያ ነው። ክሎሮፕላስት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ እስከ አንድ መቶኛ የሚደርስ ርዝመት ስላለው፣ አራት መቶ ጊዜ በሚያጎላ ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ በሚገባ ይታያል። በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለው የሽበት ቅጠል ስስ ስለ ሆነ መቁረጥም ሆነ ማቅለም አያስፈልገውም። የክሪስታና የግራና ዝርዝር ግን በየትኛውም የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ተማሪው ይህን ካልተነገረው ያላየው በራሱ ድክመት ይመስለዋል። ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሻለው፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጥቂት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖችና በቂ የመስታወት ቁራጮች እንዲኖሩ ማድረግ፣ ለማይታየው ክፍል ደግሞ ጥራት ያላቸው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፎችን ማባዛት ነው።

ሦስተኛው ስለ መምህራን ሥልጠና ነው። በመምህራን ኮሌጆች የሚሰጠው የባዮሎጂ ትምህርት ከስሞቹ ጋር የሙከራዎቹን ታሪክ ቢያካትት፣ ሠልጣኙ አንድ እውነት በምን ማስረጃ እንደ ቆመ ያውቃል። በከፊሉ በፀሐይ፣ በከፊሉ በጥላ የዋለ ቅጠል በአልኮል ታጥቦ አዮዲን ሲጠብበት ብርሃን ያገኘው ክፍል ብቻ ይጠቁራል። አልኮሉ በእሳት ነበልባል ላይ በቀጥታ ሳይሆን በፈላ ውሃ ውስጥ እንዲሞቅ መደረግ አለበት። ይህ ሙከራ ከዛክስ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገውም ጥቂት አዮዲን፣ ጥቂት አልኮል፣ ምድጃና ከትምህርት ቤቱ ግቢ የተቀጠፈ ቅጠል ነው። ሠልጣኙ ይህን በእጁ ሠርቶ ከወጣ፣ በሚመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ባይኖርም ሊያስተምረው ይችላል።